የአሮጌው ላንድክሩዘር ቴፕ

በገላን ኮንዶሚኒየም ብሎኮች መካከል የሚያድሩትን አሮጌ ላንድክሩዘሮች በመስኮት አጮልቆ ያየ ሰው የሁለት ዘመን ዕቃ ባንድ ጋቢና ውስጥ ያገኛል። በሩ፣ ወንበሩ፣ የማርሹ ዘንግ ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ ናቸው፤ ዳሽቦርዱ መሐል ግን ባለቀለም አንድሮይድ ስክሪን ያበራል። ድሮ እዚያ ቦታ የነበረው ቴፕ፣ ግራና ቀኙ ላይ ክብ ቁልፍ፣ መሐሉ ላይ የካሴት አፍ ያለው ጥቁር ሣጥን፣ ዕድል ከቀናው አልጋ ሥር በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ካልቀናው ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ውስጥ ከመሰሎቹ ጋር ተቆልሏል። ያንን ቴፕ በፍቅር ማስታወስ ቀላል ነው፤ የድሮ ነገር ሲነሳ ሁሉም ይስማማል። እኔ ግን ከትዝታው ውስጥ አንድ ክርክር ማውጣት እፈልጋለሁ። ያ ቴፕ እንደ መሣሪያ ደካማ ነበር፤ የተሰጠውን ሥራ ግን ጠንቅቆ ይሠራ ነበር። ሥራውም በናፍጣ ሞተርና በጠጠር መንገድ ጫጫታ መሐል የዘፋኙን ቃል ለተሳፋሪው ማድረስ ነው። ዛሬ ቴፑን የሚያስቀይር ባለመኪና አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን የሚያፈሰው ለዚህ ሥራ በማይረዳ ነገር ላይ ነው። «የድሮው ድምፅ ይሻል ነበር» የሚለው ቅሬታም ከናፍቆት ብቻ የመነጨ አይመስለኝም፤ ከፊሉ የሚለካ ምክንያት አለው።

መኪኖቹ ወደ አገራችን የገቡበትን ጊዜ ማስታወስ ለክርክሩ ይጠቅማል። ቶዮታ የ70 ተከታታዩን ላንድክሩዘር ለገበያ ያወጣው በእኛ አቆጣጠር በኅዳር 1977 ዓ.ም. ነው፤ ወሎና ትግራይ በድርቅ ተመትተው የኮረም መጠለያ ምስል በዓለም ቴሌቪዥኖች በታየ ማግሥት። ከዚያ በፊት የ40ና የ60 ተከታታዮቹ፣ ከእነሱም በፊት ላንድሮቨሮች በመስክ ሥራ ላይ ነበሩ። ከድርቁ በኋላ ባሉት ዓመታት ግን በዕርዳታ ድርጅቶች፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ በግብርናና በጤና ፕሮጀክቶች ዘንድ የመስክ መኪና ማለት ላንድክሩዘር ማለት እየሆነ ሄደ። የፊት መከላከያው ላይ ረጅም የሬዲዮ መገናኛ አንቴና የተተከለበትን ነጭ ሃርድቶፕ የማያስታውስ የገጠር ከተማ ልጅ ጥቂት ነው። ድርጅቶቹ መኪና ሲቀይሩ አሮጌዎቹ በጨረታ ይወጣሉ፤ ከመንግሥት ወይም ከዕርዳታ ድርጅት ሰሌዳ ወደ ግል ሰሌዳ ይዞራሉ፤ ከዚያም በአንድ ነጋዴ ወይም በአንድ ጡረተኛ ስም ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ያድራሉ። ስለዚህ በውስጣቸው የነበረው ድምፅ ማጫወቻ ለሽርሽር ታስቦ የተገጠመ አልነበረም። ሾፌርና ሁለት ሦስት ባለሙያ አንድ ሳምንት ሙሉ ለሚያሳልፉበት ጉዞ ነበር።

ለምን ሬዲዮ ብቻ አልበቃም? ነገሩ ከገላን ብዙ ሳይርቅ ይጀምራል። የአገሪቱ የመጀመሪያው ሬዲዮ ጣቢያ የተተከለው እዚሁ አቃቂ ነው፤ በ1920ዎቹ መገባደጃ፣ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለውጭው ዓለም የተናገሩት በዚሁ ጣቢያ በኩል ነበር። መንገደኛ አጥርቶ የሚሰማው ሬዲዮ ግን እጅግ ዘግይቶ መጣ። ኤፍኤም አዲስ 97.1 ሥራ የጀመረው በ1992 ዓ.ም. ነው፤ ሸገር ኤፍኤም 102.1 ደግሞ በ2000። ከዚያ በፊት የመኪና ሬዲዮ የሚይዘው መካከለኛ ሞገድ ነበር፤ ቀን ከጣቢያው ሲርቁ ይሳሳል፣ ማታ ከሩቅ አገር ጣቢያ ጋር ይደባለቃል። የአሜሪካ ድምፅና የጀርመን ድምፅ የሚመጡበት አጭር ሞገድ በአብዛኛው የቤት ሬዲዮ ሥራ ነበር። ኤፍኤሙም ከመጣ በኋላ ተራራ ሲጋርደው ያበቃል፤ ከአዲስ አበባ በደሴ መስመር የወጣ መኪና ጣርማ በር ሳይደርስ የከተማውን ጣቢያ ያጣል። ስለዚህ ካሴት በመስክ መኪና ውስጥ ብቸኛው አስተማማኝ ወዳጅ ሆኖ ረጅም ዘመን ኖረ።

የካሴቱ ዘመንና የላንድክሩዘሩ ዘመን መገጣጠማቸው የዘፈኑን ባሕርይም ይነካል። ፊሊፕስ ካሴትን ለዓለም ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1963 ቢሆንም እኛ ዘንድ መጀመሪያ የነገሠው ሸክላ ነበር፤ አምሐ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. የመሠረተው አምሐ ሪከርድስና ከእሱ በኋላ የመጣው ካይፋ የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው። ሸክላ ግን ከቤትና ከቡና ቤት አይወጣም። አብዮቱ መጥቶ ሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሙዚቃ ሲዘጋው፣ ማዳመጥ ወደ ቤትና ወደ መኪና ገባ፤ ካሴትም ተስፋፋ። ሮሃ ባንድ ያጀባቸው፣ የይልማ ገብረአብ ግጥምና የአበበ መለሰ ዜማ ያረፈባቸው የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ ሥራዎች በዚህ መንገድ ተሰሙ። የእነዚህ ቅጂዎች አሠራር ላይ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፦ የዘፋኙ ድምፅ ከሁሉም ፊት ተቀምጧል። ባንዱ ከኋላ ነው፤ ቤዙ ይሰማል እንጂ አያንቀጠቅጥም። ቀራጮቹ መሣሪያ ስላጠራቸው ብቻ ይህን አደረጉ ማለት አይቻልም። አድማጩ የሚፈልገው ቃሉን ነበር። ግጥሙ ሁለት ፍቺ ካለው ሁለተኛውን ለመያዝ የመጀመሪያውን አጥርቶ መስማት ግድ ነው፤ ቃሉ ከተድበሰበሰ ሰሙም ወርቁም አብረው ይጠፋሉ።

አሁን ወደ መኪናው እንግባ። የብዙዎቹ የ70 ተከታታይ መኪኖች ሞተር 1ኤችዜድ የሚባለው ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ ነው። ይህ ሞተር በደቂቃ 2400 ጊዜ ሲዞር በሴኮንድ 40 ዙር ይሆናል፤ በእያንዳንዱ ዙር ሦስት ሲሊንደር ስለሚያቀጣጥል ዋናው ጉምጉምታው 120 ኸርዝ ላይ ይወድቃል። የጎማው፣ የጠጠሩና ቀጭን ቆርቆሮ የሆነው ጣሪያ ጫጫታም አብዛኛው ጉልበቱ ታች ነው። ማለትም የሞተሩ ድምፅ የሚቀመጠው ከቤዝ ጊታርና ከከበሮ ሠፈር ነው። የሰው ንግግር ደግሞ ከፍ ብሎ ይኖራል፤ የስልክ መስመር ለብዙ አሥርት ዓመታት ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ብቻ እያሳለፈ መላው ዓለም በእሱ ተግባብቷል። የአማርኛ ተነባቢዎች፣ በተለይ ጠ፣ ጨ፣ ጸ እና ቀ፣ ከአጠገባቸው ካሉት የሚለዩበት አጭር ፍንጥቅታ በብዛት የሚሰማው ከ2000 ኸርዝ በላይ ነው። እሱ ከተሸፈነ «ጠራ» እና «ተራ» አንድ ይሆናሉ። በአሮጌው ላንድክሩዘር የነበረው ስፒከር ብዙ ጊዜ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ባለወረቀት ነገር ነው፤ ከ100 ኸርዝ በታች እዚህ ግባ የሚባል ድምፅ የለውም፤ መሐለኛውን ግን ይገፋል። መሣሪያው በድክመቱ ምክንያት ከሞተሩ ጋር አይሻማም ነበር። የሞተሩን ሠፈር ለሞተሩ ትቶ፣ ባዶ በነበረው ከፍታ ላይ ዘፋኙን ያቆመዋል። ይህን ማንም አቅዶት አይመስለኝም፤ ውጤቱ ግን በጉዞ ላይ ግጥም የሚሰማበት ጋቢና ሆነ።

ይህ ሁሉ የናፍቆት ማስዋቢያ ነው የሚል ሰው ይኖራል፤ መልስ ይገባዋል። ካሴት መጥፎ ነበር፤ አልክድም። ክሩ በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚጓዘው፤ እሱም ማጫወቻው ጤነኛ ሲሆን። የመስክ አቧራ ክሩን የሚያነበውን ሄድ ይሸፍነዋል፤ ጎማ ቀበቶው በሙቀት ይለጠጣል፤ ያኔ ዜማው እንደሰከረ ሰው ይወላገዳል። ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ የበላው ካሴት ሽፋኑ ይጣመማል። ቴፑ ካሴት ሲበላ ክሩን በጥንቃቄ አውጥቶ በእስክሪብቶ መጠምጠም የሾፌር ሙያ አካል ነበር። ያንን ሁሉ መልሶ የሚፈልግ ሰው ካለ ረስቶታል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ትዝታን የሠራው የድምፅ ጥራት አልነበረም፤ መደጋገም ነው። በዳሽቦርዱ ኪስ ያሉት ካሴቶች ጥቂት ነበሩ፤ ባለ 60 ደቂቃው ካሴት በየ30 ደቂቃው ይገለበጣል፤ መንገዱ ረጅም ነው። አንድ ዘፈን ከሊማሊሞ ቁልቁለት ወይም ከዓባይ በረሃ ጋር በብዙ ሰው ጭንቅላት ውስጥ የተሰፋው እዚያ ቦታ ደጋግሞ ስለተሰማ ነው። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ግን ተቃውሞው አንድ ነገር ይዘላል፦ የተደጋገመው ነገር እንዲታወስ መጀመሪያ መሰማት ነበረበት። አራት ሰው በአንድ ጋቢና ውስጥ አንድን ግጥም በቃሉ ሊይዝ የቻለው ቃሉ በጫጫታው ላይ ስለወጣ ነው። መደጋገሙን ዛሬ ማንም በፈቃዱ ሊያደርገው ይችላል፤ የጎደለው ቃሉን አጥርቶ መስማት ነው።

የጎደለበት ምክንያት ደግሞ ገንዘቡ የሚሄድበት ቦታ ነው። አዲሱ ስክሪን ካርቶን ላይ «4×50 ዋት» ተብሎ ተጽፏል። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? የመኪናው ኤሌክትሪክ ሞተሩ ሲሠራ 14.4 ቮልት ገደማ ነው፤ ይህን ቮልት በራሱ አባዝተው ለስፒከሩ 4 ኦም ሲያካፍሉት 52 ይሆናል። የሙዚቃ ሞገድ ግን ጫፍ ላይ ተዘርግቶ አይቀመጥም፤ ሳይዛባ ሊወጣ የሚችለው ቢበዛ የዚያ ግማሽ ነው፤ የውስጥ ብክነቱ ሲቀነስ በየስፒከሩ 20 ዋት ገደማ ይቀራል። ጥሩ ስም ያለውም፣ ስም የሌለውም፣ ውስጡ ሌላ የኃይል ማባዣ እስከሌለው ድረስ ከዚህ ሕግ አያመልጥም። እንግዲህ 10 ዋት የነበረውን ቴፕ አውጥቶ 20 ዋት የሚሰጥ ስክሪን ያስገባ ሰው ያገኘው ጭማሪ 3 ዴሲቤል ነው፤ ጆሮ ለይቶ የሚያውቀው ግን የማይደነቅበት ልዩነት። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ያው 3 ዴሲቤል ደግሞ ያለ አንዲት ዋት ጭማሪ፣ ኃይልን ወደ ድምፅ በተሻለ የሚለውጥ ስፒከር በመግዛት ብቻ ይገኛል። ሻጩ ይህን አይናገርም፤ ስፒከር በር ውስጥ ተደብቆ ይቀራል፣ ስክሪን ግን ለጎረቤትም ይታያል።

ስለዚህ ቴፕ ማስቀየር የሚፈልግ ሰው ከበሩ ቢጀምር ይሻላል ባይ ነኝ። የላንድክሩዘር በር ሁለት ቀጭን ቆርቆሮ ነው፤ መሐሉ ባዶ፣ ውስጠኛው ቆርቆሮ ደግሞ ብዙ ቀዳዳ ያለው። ስፒከር ወደፊት ሲገፋ ጀርባው ወደኋላ ይገፋል፤ ሁለቱ በቀዳዳው በኩል ከተገናኙ ታችኛው ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋል። ውጨኛውን ቆርቆሮ በሬንጅ ንጣፍ ማክበድ፣ የውስጡን ቀዳዳዎች መድፈን፣ ያረጀውን የበር ጎማ መቀየር፣ ከእግር ሥር ምንጣፍ በታች ከባድ ስፖንጅ ማንጠፍ፤ እነዚህ ተደምረው የሚያደርጉትን ማንኛውም አምፕሊፋየር አያደርገውም፤ ምክንያቱም ጫጫታውን ይቀንሳሉ። በ10 ሴንቲ ሜትሩ ፋንታ ጥሩ የ16 ሴንቲ ሜትር ስፒከር በታሸገ በር ላይ ከገባ፣ ከዚያም ለከፍተኛው ድምፅ የተለየ ትንሽ ስፒከር ከዳሽቦርዱ ከፍታ ላይ ከተቀመጠ፣ ዘፋኙ ከጉልበት ሥር ወጥቶ ፊት ለፊት ይቆማል። ማጫወቻው ምንም ይሁን ምን፤ በፍላሽ የሚሠራ ተራ ነገርም ይበቃል።

የኤሌክትሪኩ ጣጣ ብዙ ሰው የማያየው ግን ብዙ ገንዘብ የሚበላ ነው። ከአሮጌዎቹ ላንድክሩዘሮች መካከል በ24 ቮልት የሚሠሩ አሉ፤ ሁለት ባትሪ በተከታታይ የታሰረላቸው። የችኮላ ሠራተኛ 12 ቮልት ለማግኘት ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ቀጥታ ሽቦ ይስባል። ቴፑ ይሠራል፤ ደንበኛውም ደስ ብሎት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ግን አንዱ ባትሪ ሁልጊዜ ይጎድላል፣ ሌላው ሁልጊዜ ይሞላል፣ በጥቂት ወራት ሁለቱም ይበላሻሉ። ትክክለኛው መንገድ ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ መቀየሪያ ማስገባት ነው። በ12 ቮልቱም ላይ አዲስ ማጫወቻ ሲገጠም ቢጫው ሽቦ ሁልጊዜ ኃይል ካለበት፣ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ኃይል ከሚያገኘው፣ ጥቁሩ ከመኪናው ቆርቆሮ ጋር መታሰር አለበት፤ ጥቁሩ ቀለም የተቀባ ወይም የዛገ ብሎን ላይ ከታሰረ ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር ከፍ ዝቅ የሚል ፉጨት ይመጣል፣ እሱ የዲናሞው ድምፅ ነው። ሠራተኛው ቢጫና ቀዩን አንድ ላይ ጠምዝዞ ካሰራቸው ደግሞ ስክሪኑ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪ ይጠባል። ትልቅ አምፕሊፋየር ለሚያስገባም አንድ ስሌት ልጨምር። 500 ዋት በእውነት የሚያወጣ አምፕሊፋየር ከ34 አምፔር በላይ ይጎትታል፤ የራሱ ብክነት ሳይቆጠር። የእነዚህ መኪኖች ዲናሞ እንደየዕድሜው ከ40 እስከ 80 አምፔር ነው፤ ከእሱም የፊት መብራቱ፣ የዝናብ መጥረጊያውና ባትሪው ድርሻ አላቸው። ሽቦው ከባትሪው እንደወጣ ፊውዝ ከሌለው ደግሞ ጥያቄው የሙዚቃ መሆኑ ቀርቶ የእሳት ይሆናል።

ከሁሉም የሚከብደኝ ተቃውሞ የቤዝ ነው። ማህሙድ አህመድ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር በሠራው «እረ መላ መላ» ላይ ቤዝ ጊታሩን የያዘው ጆቫኒ ሪኮ የኋላ ተጨማሪ አልነበረም፤ ዘፈኑን የሚያራምደው እሱ ነው። የዚያ ጊታር ዝቅተኛ ገመድ 41 ኸርዝ ላይ ይመታል፤ የአሮጌው ላንድክሩዘር ስፒከር ደግሞ 100 ላይ ያቆማል። እንግዲህ የድሮው ቴፕ ሙዚቀኛውን ግማሽ አካሉን ቆርጦ ነበር የሚያሰማን ቢባል ሐሰት አይደለም። በ2010 ዓ.ም. የሮፍናን «ነጸብራቅ» ከወጣ በኋላ ያደገው አድማጭ ደግሞ ታችኛው ድምፅ ከሌለ ሥራው ራሱ እንደሌለ ይቆጥራል፤ ልክም ነው፣ ሥራው በዚያ መሠረት ላይ ቆሟልና። እዚህ ላይ የማደርገው ማስተካከያ እንጂ ክህደት አይደለም። ጆሮ ከላይ ያሉትን ተከታታይ ድምፆች ሰምቶ የጎደለውን ታችኛ ድምፅ በራሱ ይሞላል፤ በትንሽ ስፒከር የጆቫኒን ዜማ ልንከተል የቻልነው በዚህ ምክንያት ነው። በታሸገ በር ያለ የ16 ሴንቲ ሜትር ስፒከር እስከ 60 ኸርዝ አካባቢ ሲወርድ ቀሪው ክፍተት ትንሽ ነው። እሱንም የሚፈልግ ከወንበር ሥር ትንሽ ሰብዉፈር ያስገባ። የምቃወመው ሻንጣ የሚያህለውን ሣጥን ከኋላ ጭኖ ከ80 እስከ 120 ኸርዝ ያለውን ማጋነን ነው። ያ ከፍታ ቀድሞውኑ በሞተሩ ተይዟል፤ ሞተሩን በድምፅ ለማሸነፍ መጠኑን ሲያወጡት ዘፋኙ ከሁለቱ መሐል ይቀበራል።

ስክሪኑን ስለሚደግፉም ፍትሐዊ ልሁን። የኋላ ካሜራ ከረጅም ሃርድቶፕ ጀርባ የቆመን ሕፃን ያሳያል፤ ልጆች በየብሎኩ ሥር በሚጫወቱበት ግቢ ይህ ቀልድ አይደለም። ስልክ በብሉቱዝ ማንሳትም በእጅ ከመያዝ ይሻላል፤ በተለይ ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር በሚፈቀድበት የአዳማ ፍጥነት መንገድ ላይ። ዋናው ቁም ነገር ስክሪኑን ከድምፁ ለይቶ መግዛት ነው፤ ካሜራ የፈለገ ካሜራ ይግዛ፣ ግን ድምፅ ገዛሁ አይበል። ሲገዛም ለየትኛው ገበያ እንደተሠራ ይጠይቅ። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የሚሠራ ሬዲዮ ለረጅም ጊዜ የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ነበር፤ የእኛ 97.1ም 102.1ም ከዚያ ውጭ ናቸው። ከጃፓን የመጣ ያገለገለ ማጫወቻ በርካሽ አግኝቶ ገጥሞ አዲስ አበባ ላይ ዝምታ ብቻ የሚሰማው ሰው የተበላሸ ዕቃ የተሸጠለት ይመስለዋል፤ ዕቃው ግን ደህና ነው።

በግቢው ውስጥ ስላለው ጉዳይ ባጭሩ። አራት ፎቅ ያላቸው ብሎኮች ፊት ለፊት ሲተያዩ የሲሚንቶ ግድግዳቸው ድምፅን አይውጥም፤ እየተቀባበለ ይመልሰዋል። የአገሪቱ የአካባቢ ደረጃ ለመኖሪያ ሠፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ብሎ ወስኗል፤ የኋላ በሩን ከፍቶ ሰብዉፈር የሚፈትሽ መኪና ይህን በብዙ ያልፋል። ታችኛ ድምፅ ግድግዳ ስለሚያልፍ አራተኛ ፎቅ የተኛችው ሕፃን የምትሰማው ጉምታውን ብቻ ነው፤ ዘፈኑን የሚሰማው ባለመኪናው ብቻውን ነው። እዚህ ላይ ጎረቤቱን ከዜማው ሳያካፍሉ ጫጫታውን ብቻ ማካፈል ትንሽ ንፉግነት አለበት።

ይህ ሁሉ ለአንድ አሮጌ መኪና ይገባል ወይ የሚል ይኖራል። መኪኖቹ ቶሎ የሚሄዱ አይመስሉም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ብዙ ዓመት ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎችን ማስገባት መከልከሉ ተነግሯል። ያለውን ጠግኖ መያዝ የብዙ ሰው ምርጫ የሆነው ለዚህ ነው፤ የሚጠገን መኪና ደግሞ ድምፁም አብሮ ቢታሰብለት አይበዛበትም።

ከአልጋ ሥር ያለው ቴፕም ገና ጡረታ አልወጣም። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በካሴት ብቻ ታትመው በሲዲም በሌላም ያልተመለሱ ሥራዎች አሉ፤ በስልክ የሚዘዋወሩት ብዙዎቹ የድሮ ዘፈኖችም ከካሴት የተገለበጡ ናቸው፣ በችኮላ የተገለበጡ። የራሱን ካሴቶች ወደ ፍላሽ የሚያሻግር ሰው ሄዱን በአልኮል አጽድቶ ከጎኑ ያለችውን ትንሽ ብሎን ማወቅ አለበት። ያቺ ብሎን ሄዱ ከክሩ ጋር የሚገጥምበትን ማዕዘን ትወስናለች፤ ካሴቱ ከተባዛበት ማሽን ማዕዘን ጋር ካልተስማማች የ«ጸ» እና የ«ሰ» ፍንጥቅታ ይደበዝዛል፣ ዘፋኙም በመጋረጃ ጀርባ ያለ ይመስላል። እያንዳንዱ ካሴት የራሱ ማዕዘን ስላለው በየካሴቱ በትንሽ ጠመዝማዛ፣ ጽናጽሉ ጥርት እስኪል ድረስ፣ እያዳመጡ ማዞር ነው። ከዚያ ቅጂው ሳይጨመቅ ይቀመጥ፤ ባለ 60 ደቂቃው ካሴት በሲዲ ጥራት 635 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፣ 16 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ወደ 25 ካሴት ይገባል።